ከዋርካው ወዲያ ያለው ቄጤማ

በጡረታዬ ስንብት ዕለት መሥሪያ ቤቱ አንድ ጋቢና በመስታወት የተገጠመ ትልቅ የወፍ ፎቶግራፍ ሰጠኝ። ንግግር ያደረገው ወጣት ባልደረባዬ «ዕድሜያቸውን ሙሉ የጣናን አእዋፍ ሲያጠኑ የኖሩ እናታችን» ብሎ አስተዋወቀኝ። እኔ የዕፅዋት ሰው ነኝ። የተቀጠርሁትም፣ ደመወዝ የበላሁትም፣ ወገቤ የጎበጠውም በቄጤማና በደንገል ነው። ፎቶግራፉ ላይ ያለችው ወፍም ሰማያዊና ቀይ ላባ ያላት፣ ጣና ዳር ኖራ የማታውቅ የሰው አገር ወፍ ናት። አጨበጨቡ፣ እኔም አመሰገንሁ፤ ቤት ገብቼ ፎቶግራፉን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አቆምሁት። ጋቢው ግን ጥሩ ጋቢ ነው።

ያም ሆኖ ልጁ ጨርሶ ተሳሳተ አልልም። ያሳለፍሁትን ዘመን ሳስብ ከቄጤማው ቀድማ የምትመጣብኝ አንዲት ትንሽ ወፍ ናት። ቡናማ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ጠቆር ያለ ዝንጉርጉር አለ፣ ሆዷ ነጣ ይላል። በእጅ ሲይዟት ምንም ያልያዙ ያህል ትቀላለች። ሰው አይቷት «እንዴት ታምራለች» ሲል ሰምቼ አላውቅም። የዳርቻው ሰው «የቄጤማ ወፍ» ይላታል፣ ሌላ ስም ሊያወጣላት አልደከመም። የምጽፈው ስለ ሁለቱ፣ ስለ ቄጤማውና ስለ ወፏ፣ ሁለቱን ለይቼ እንዳይ ስላስተማሩኝ ሰውም ነው።

ሥራ የጀመርሁት ማክሰኝት አጠገብ ባለ የችግኝ ጣቢያ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ችግኙ ውኃ ሳይጠጣ ሰው ቁርስ አይበላም የሚሉ ነበሩ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ብቻ ሁላችንንም አክስተውናል። ከዚያ ሐሙሲት ተዛወርሁ፤ የጎንደር አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ስለ አፈር መሸርሸር ሪፖርት ስጽፍ ከረምሁ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ ይህን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሌለ አልተርከውም። እናቴ አርጅታ ስለ ነበር እሷን ለመጦር ወደ ባሕር ዳር እንድዛወር አመለከትሁና ተፈቀደልኝ። በሐይቁ ዳርቻ ያለውን ዕፅዋት የሚከታተል ሰው ጠፍቶ ነበርና «አንቺ ሣር ታውቂያለሽ» ብለው መደቡኝ። ቄጤማ ሣር አለመሆኑን እንዳስረዳ የጠየቀኝ አልነበረም።

እንዲያውም እዚህ ላስረዳ። የሣር አገዳ ክብ ነው፤ የቄጤማ አገዳ ሦስት ጠርዝ አለው። በሁለት ጣት ይዞ ማንከባለል ነው፣ ጠርዙ ራሱ ይናገራል። ሕይወቱ ያለው ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ጭቃው ውስጥ አግድም በሚሄደው ሥሩ ላይ ነው። ከውኃው በላይ ያጨዱት እንደሆነ ይተኛል እንጂ አይሞትም፤ ዝናብ ሲያገኝ ይነሣል። ከውኃው በታች ያጨዱት እንደሆነ ግን በተቆረጠው አገዳ ውኃ ይገባና ሥሩ ይበሰብሳል። የእኔ ሥራ ይህን መከታተል ነበር። አራት ማዕዘን የሆነች የእንጨት ክፈፍ ይዤ እስከ ጉልበቴ ረግረጉ ውስጥ እገባለሁ፤ ክፈፏን ሳልመርጥ እወረውርና ያረፈችበት ቦታ ያለውን አገዳ እቆጥራለሁ። ወጣቶቹ ሲያዩኝ ይስቁ ነበር፣ አልፈርድባቸውም።

የወፍ ባለሙያው ጋሽ ይሁኔ ነበሩ። አባታቸው መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸውም ቅኔና ባሕረ ሐሳብ ሲማሩ አድገው ወደ አስኳላ የገቡት ዘግይተው ነው። ቢሮ ውስጥ ዝምተኛ ናቸው፣ ስብሰባ ላይ ያንቀላፋሉ እየተባሉ ይታማሉ። ረግረግ ዳር ሲደርሱ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። አጭር በርጩማ ይዘው ይመጣሉ፣ ጭቃው ላይ ተክለው ይቀመጣሉ፣ ከተቀመጡ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ አይናገሩም። ሽቶ ያለው ሳሙና አይነኩም። ለምሳ ቆሎ መያዝ ክልክል ነው፣ ይንኮሻኮሻላ፤ እሳቸው የሚይዙት በሶ ነው። አንድ ቀን እኔ ቆሎ ይዤ ሄጄ ሳይቆጡ፣ ሳይናገሩም፣ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና ኪሳቸው ከተቱት። ማታ ቢሮ ስንደርስ መለሱልኝ።

ብዙ ሰው ወፍን ቀና ብሎ ይፈልጋል። ጋሽ ይሁኔ ዓይናቸውን ጨፍነው በቅርብ ያለውን አገዳ በጣታቸው ጫፍ ይነኩ ነበር፤ ወፏ አጠገቡ ስታርፍ ንዝረቱ ሥር ለሥር ይመጣል ይላሉ። እኔ ያን ንዝረት ለመስማት ሞክሬ አንድም ቀን አልሆነልኝም። ሌላውን ትምህርታቸውን ግን ይዤዋለሁ።

«ነፋስ ሁሉንም ነው የሚያወዛውዝ» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። «ወፍ አንዱን ነው። ሁሉም ቆሞ አንዱ ሲወዛወዝ ካየሽ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ።»

አንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ ተዛውሮ የመጣ አዲስ ኃላፊ ነበረን፤ ቀልጣፋና ንጹሕ ሰው። የተገኘው በጀት ለአንድ ዝርያ ብቻ ነውና ቄጤማውንና ወፏን አነጻጽራችሁ አምጡልኝ፣ የበለጠ ጥቅም ያለውን እንጠብቃለን አለን። ሠንጠረዥ አወጣን፤ በአንድ በኩል ቄጤማ፣ በሌላ በኩል ወፍ። የእኔ ወገን ቶሎ ሞላ። ቄጤማ የበዓል ቤት ይጎዘጎዝበታል፣ በድርቅ ከብት ይበላዋል፣ ከየማሳው የሚወርደውን ደለል አጣርቶ ሐይቁን ያድናል፣ የዓሣ ጫጩት ይሸሽግበታል። የጋሽ ይሁኔ ወገን ባዶ ሆኖ ሰነበተ። ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ «ጥቅም» በሚለው ሥር «ገና አልተጠየቀችም» ብለው ጻፉ።

ኃላፊው ሳቀ። ቂም የለኝም፣ ሰውየው ያሰበው ትክክል ይመስል ነበር፦ ቄጤማውን ከጠበቅን ወፏ የምትኖረው እዚያው አይደለም ወይ? ቄጤማ ካለ ወፍ አለ። እኔም ከልቤ ተስማማሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ሠንጠረዥ ለብዙ ዓመት መመሪያችን ሆኖ ኖረ።

ጋሽ ይሁኔ ብቻ ጥርጣሬያቸውን አልተዉም። ወፏ ጎጆዋን የምትሠራው በደረቀ ነገር አይደለም። ቆሞ ያለ ሕያው ቄጤማ ትመርጣለች፣ ሦስት አራቱን አገዳ በሸረሪት ድር ሰፍታ ታቀራርባለች፣ ከመካከሉ ለስላሳ ከረጢት ታንጠለጥላለች። ቄጤማው በታጨደ ጊዜ ቤቷም ልጆቿም አብረው ይታጨዳሉ። የምትሠራበት ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ካፊያ ከወረደ በኋላ፣ ሚያዝያ እየተጋመሰ ሲሄድ ነው። ያኔ ሐይቁ ሸሽቷል፤ ለምለም ሆኖ የሚቆየው ምንጭ ያለበት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

ቄጤማ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ደግሞ መቼ ነው? ለፋሲካ። ቀዳም ሥዑር ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ርግቧ ውኃው መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችበት ነው ብለው ለምእመኑ ለምለም ቄጤማ ያድላሉ፣ ሰውም በራሱ ላይ ያስራል። በዓሉ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ፋሲካ በመጋቢት መጨረሻ የዋለ እንደሆነ ቄጤማው ወፏ ሳትጀምር ይታጨዳል፣ ካፊያው ሲመጣ ያቆጠቁጣል፣ እሷም በአዲሱ ላይ ትሠራለች። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የዋለ እንደሆነ ግን ማጭዱ የሚገባው ጎጆዎቹ ላይ ነው። ቄጤማው በሁለቱም ዓመት ያው ነው፣ ታጭዶ ይመለሳል፤ በእኔ ቆጠራ ላይ ደጉ ዓመትና ክፉው ዓመት ልዩነት የላቸውም ነበር። ልዩነቱን ያየው መሪጌታ ያሳደገው ወፍ ቆጣሪ ነው።

ስለዚህ ጋሽ ይሁኔ በየዓመቱ ለዕንቁጣጣሽ ጣታቸውን እያጠፉ የፋሲካን ቀመር ያወጣሉ። የዓመቱን መነሻ ቁጥር፣ መጥቅዑን፣ ካገኘሽ የነነዌን ጾም ታገኛለሽ፣ ነነዌን ካገኘሽ ፋሲካ ከእጅሽ አይወጣም እያሉ እኔንም አስተማሩኝ። ከዚያ ቢሮው በር ላይ ቆመው «ዘንድሮ ደግ ነው» ወይም «ዘንድሮ ክፉ ነው» ይሉኛል። ሌላው ሠራተኛ ስለ እህል ዋጋ የሚናገሩ ይመስለው ነበር።

አሁን ወደዚያ ክፉ ዓመት ልምጣ።

ቤታችን ከከተማው ጫፍ ነው፤ አጥቢያችንም ሐይቁ ዳር ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከቅጥሩ በስተጀርባ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፣ ከዋርካው ወዲያ ምንጭ ያለው ረግረግ ነው። በከተማው ዙሪያ የነበረው ዳርቻ ከፊሉ ታርሶ፣ ከፊሉ በእምቦጭ አረም ተውጦ፣ ከፊሉ በግንባታ ተይዞ፣ ወፏ ስትሠራ የምናገኛት እዚያ ብቻ ሆኖ ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካ እጅግ ዘግይቶ ይውላል። ጋሽ ይሁኔ ይህን ሲያውቁ የቤተ ክርስቲያኗ አለቃ ወደ ነበሩት ወደ መምሬ ላቀው ይዘውኝ ሄዱ።

መምሬ ላቀው ቃል የማያባክኑ፣ ሳቅ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። ወፏን አሳየናቸው። ብዙ ዓመት ደጃቸው ስትዘምር ሰምተው ኖሮ «እኔ እኮ እንቁራሪት ትመስለኝ ነበር» ብለው ሳቁ። ከዚያ አሰቡበት። አጥር ቢያጥሩ ይሰረቃል፣ ዘበኛ ቢቀጥሩ ገንዘብ የለም፣ የወፍ ነው ቢሉ ማን ይሰማል? ጋሽ ይሁኔ አንድ ሐሳብ አመጡ፣ መምሬም ወደዱት፣ እኔም አጨበጨብሁ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ነው ይባል። በጎጃም ምድር የቤተ ክርስቲያን የተባለን ነገር ደፍሮ የሚነካ የለም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ተናገሩ። ከዋርካው ወዲያ ያለው ቄጤማ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማንም ሰው ማጭድ እንዳያገባበት፣ ከብትም እንዳይነዳበት አሉ። እንዳሉትም ሆነ። ከብት ያላቸው ሰዎች ራሳቸው እየተቆጣጠሩ ይመልሱ ነበር። ቄጤማው ወገብ ደረሰ፣ ካፊያው ወረደ፣ ወፎቹ ሥራ ጀመሩ። ጋሽ ይሁኔ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጎጆ ስትሰፋ ያሳዩኝ ያን ጊዜ ነው። አፏ መርፌ፣ የሸረሪቱ ድር ክር ይሆናል፤ ድሩን ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው ታሻግራለች፣ ትስባለች፣ አገዳዎቹ ቀስ ብለው ይቀራረባሉ። በሰሙነ ሕማማት መግቢያ ላይ አንዱ ጎጆ ውስጥ ዕንቁላል አየን፤ ነጣ ያለ፣ ቀይ ነጠብጣብ የፈሰሰበት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስቅለት ዕለት ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ዋልን። መምሬ ከሐሙስ ጀምረው እህል አልቀመሱም። በእነዚያ ቀናት ነጋዴዎች ለከተማው ገበያ፣ አልፎም በጭነት መኪና ለአዲስ አበባ የሚሄድ ቄጤማ ፍለጋ የቀረውን ዳርቻ ሁሉ መልጠው ወስደውታል። እኛ ይህን አውቀናል፣ አልደነገጥንም፤ የእኛው ቦታ የቤተ ክርስቲያን ነዋ።

ቅዳሜ ጠዋት መምሬ ላቀው ከዲያቆኑ ከአንተነህ ጋር ወደ ቤታችን መጡ። አንተነህ ያኔ ወጣት ዲያቆን ነው፣ ታታሪና ቅን ልጅ። ትከሻው ላይ ጤዛው ያልረገፈ ለምለም ቄጤማ ተሸክሟል። መምሬ ዜማውን እያሉ ለእናቴ ሰጧት፣ እሷም ተሳልማ ራሷ ላይ አሰረች። ለእኔም ጭብጥ ሙሉ ሰጡኝ። ግንባሬ ላይ ሳዞረው አንድ ለስላሳ ነገር ቅንድቤን ነካኝ፤ አወረድሁት። ሦስት አገዳ በሸረሪት ድር ተሰፍቶ ነበር። ከመካከሉ ያለው ከረጢት ተጨፍልቋል፣ እርጥብ ነው፣ የነጠብጣቡ ቅርፊት ተጣብቆበታል።

መምሬ አይተው ዜማውን አቋረጡ። ከደረጃው ላይ ዝግ ብለው ተቀመጡ።

«ከየት አጨዳችሁት?» አሉት ዲያቆኑን።

አንተነህ ግራ ገባው። ሌላ ቦታ አንድ ጭብጥ እንኳ እንዳልተረፈ፣ ከንጋት ጀምሮ ዳርቻውን ዞረው እንዳጡ ነገራቸው። ከዚያ ምንም ተንኰል በሌለው ፊት «ከዋርካው ወዲያ ነዋ መምሬ። የቤተ ክርስቲያን ነው አላሉም?» አላቸው።

እውነቱን ነው። የቤተ ክርስቲያን ነው ተብሎ የተጠበቀ ቄጤማ ቤተ ክርስቲያን በምትፈልገው ቀን ካልታጨደ መቼ ሊታጨድ ነው? ነገሩን እኛ ሦስታችን፣ ሁላችንም የቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆነን፣ አንዳችንም አላሰብነውም። እናቴ የሆነውን ሳታውቅ ምን ሆናችሁ ስትል ነበር። እኔ ያን ቀን አለቀስሁ፣ በኋላም ብዙ ጊዜ።

ጋሽ ይሁኔ ዘንድ የሄድሁት እኔ ነኝ። ጎጆውን በእጄ ይዤ ነበርና መናገር አላስፈለገኝም። ተቀብለውኝ መስኮቱ አጠገብ ሄዱ፣ አገዳዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ድሩ እንዳይበጠስ ተጠነቀቁ። ከዚህ በላይ ምን እንደሚበጠስ እኔ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ተጠነቀቁ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ለኖኅ ቄጤማውን ያመጣች ወፍ ናት። እኛ ቄጤማውን ተቀብለን ወፏን ጣልናት።»

አንተነህን እንዳልቆጣ፣ መምሬንም እንዳላስጨንቅ አደራ አሉኝ። በማግሥቱ ፋሲካ ነበር፤ ልጃቸው በኋላ እንደ ነገረችኝ የዕለቱን ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ማዕዱን ባርከው እሳቸው ሳይቀርቡ ተኙ።

ሐምሌ ላይ ክፈፌን ይዤ ገባሁ። ቄጤማው ከቀድሞውም ወፍሮ ተነሥቷል፣ ክፈፏን የጣልሁበት ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በሠንጠረዡ መሠረት ሥራችን ተሳክቷል፤ ኃላፊው ጥሩ ውጤት ነው ብሎ ፈረመበት። ወፏ ግን በዚያ ዓመት አልተመለሰችም፣ በሚቀጥለውም፣ ከዚያም ወዲያ። ለምን እንደሆነ በእርግጥ አላውቅም። የተረፉት ጥቂት ነበሩ፤ ሌላ ቦታ ሄደው ይሆናል፣ አልቀውም ይሆናል። ሁለቱን ሳነጻጽር የኖርሁት ሴት ልዩነታቸው ያኔ ነው የገባኝ። ቄጤማው በደሉን ሥሩ ውስጥ ተኝቶ ያሳልፈዋል። ወፏ ከታች ያስቀመጠችው ነገር የላትም፤ ያላት ሁሉ ማጭድ በሚደርስበት ቁመት ላይ ነው። ቄጤማ ካለ ወፍ አለ ያልነው ውሸት ነበር።

ጋሽ ይሁኔ ድምፅዋን እንደገና ሳይሰሙ ጡረታ ወጡ። በየዓመቱ ቀዳም ሥዑር ከአጥቢያችን የደረሰኝን ቄጤማ እወስድላቸዋለሁ። ራሳቸው ላይ ከማሰራቸው በፊት እያንዳንዱን አገዳ ከሥር እስከ ጫፍ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ድር ይፈልጋሉ። ደግ ዓመት ቢሆንም ይዳስሳሉ። መምሬ ላቀው ሞቱ፣ አንተነህ ቀሰሰ፣ ከጊዜ በኋላም የቤተ ክርስቲያኗ አለቃ ሆነ። እናቴም አለፈች። እኔ እምቦጭ ለመንቀል በተደረገው ዘመቻ ሁሉ ወጣሁ፣ ስለ ቄጤማ አስተጫጨድ ለገበሬዎች ትምህርት ሰጠሁ፣ ኃላፊ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ይህ ሁሉ ሥራ ነው፣ ሠርቼዋለሁ። ከዋርካው ወዲያ ስሄድ ግን ሁልጊዜ ጆሮዬ ከዓይኔ ይቀድማል።

ዘንድሮ፣ ጋቢውን ከተሸለምሁ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሚያዝያ ሊጋመስ ሲል ወደዚያው ወረድሁ። ክፈፍ አልያዝሁም፣ የምቆጥርለት ሰው የለኝም፤ ቤት መዋል ስላቃተኝ ነው። ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሐይቁ እንደ ተዘረጋ አቡጀዲ ጸጥ ብሏል፣ የነፋስ ሽታ እንኳ የለም። ቄጤማው ሁሉ ቆሟል። ከመካከሉ አንዱ አገዳ ተወዛወዘ።

ዝም ብዬ ቁጭ አልሁ። እንደገና ተወዛወዘ፤ ከዚያ ወጣች፣ ወደ ላይ ተስፈንጥራ ያችን የምትቆራረጥ ዜማዋን ጣለችና ተመልሳ ገባች። አፏ ላይ የሸረሪት ድር ነበር። ተነሣሁና ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ጋሽ ይሁኔ ዘንድ ሄድሁ።

ጋሽ ይሁኔ አሁን ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ትዝታቸውም አንድ ቀን ይመጣል አንድ ቀን ይሸሻል። ያን ቀን ድምፄን ሲሰሙ አወቁኝ። ያየሁትን ነገርኋቸው። ነፋስ እንደ ነበር ጠየቁኝ፣ አልነበረም አልሁ። ስንት አገዳ እንደ ተወዛወዘ ጠየቁኝ፣ አንድ አልሁ።

«ፋሲካ መቼ ነው ዘንድሮ?» አሉ ከዚያ።

ይህን ጥያቄ ሲመልሱ እንጂ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። መጥቅዑን ሊያወጡ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፣ መካከል ላይ ጠፋባቸው፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ እንደገና ጠፋባቸው። እጃቸውን ያዝሁና እንዳስተማሩኝ ጣታቸውን በጣቴ እያጠፍሁ ጮክ ብዬ ቆጠርሁላቸው። ነነዌን አልፌ ፋሲካ ላይ ስደርስ እሳቸውም አብረውኝ ደረሱ። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ነው።

«ክፉ ነው» አሉ።

«ክፉ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ሂጂና ንገሪያቸዋ።»

ጡረታ መውጣቴን፣ አሁን ቢሮም ማኅተምም እንደሌለኝ፣ በምን ሥልጣን ሄጄ እንደምናገር አስረዳኋቸው። ረጋ ብለው አዳመጡኝ።

«ወፏ ይኸን ታውቃለች?» አሉኝ።

በዚያው ባጃጅ ተመለስሁ። ቄስ አንተነህን ያገኘኋቸው ከዋርካው ሥር ነው፤ ጥላቸውን ዘቅዝቀው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይነጋገራሉ። ሽማግሌዎቹን አሰናብተው እኔን ሰሙኝ፣ ከዚያ ራሳቸው እስከ ረግረጉ ጠርዝ ሄደው ቆሙ። እኔ ቦታው ይጠበቅ፣ ግን በምን መንገድ እንደሆነ አላውቅም፣ ያለፈው መንገዳችን ምን እንዳመጣ ያውቁታል አልኋቸው።

«እኔ ነኝ ያጨድሁት» አሉ ወደ ውኃው እያዩ። «ያን ዓመት መምሬ ምንም ሳይሉኝ አለፉ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን የቤተ ክርስቲያን ነው አልልም። የወፏ ነው እላለሁ። የሚስቅም ይሳቅ።»

እንዳሉት እሑድ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ተናገሩ። የሳቀ አለ። በኋላ ሲነግሩ፣ በዚህ ቦታ ባንድ ዓመት የሆነውንና የገዛ እጃቸው የሠራውን ሲነግሩ፣ ሳቁ ቀረ። ቄጤማ ከሌላ ቦታ ጥቂት ተፈልጎ እንደሚመጣ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ አገዳ በላይ እንደማይደርሰው አስታወቁ። አንዳንድ ባልቴቶች የፋሲካ ቄጤማ እንዲህ ተሰስቶበት አያውቅም ብለው ማጉረምረማቸውን ሰምቻለሁ፤ እኔንም በዓይናቸው ገርምመውኛል። በሰሙነ ሕማማት ቄስ አንተነህ ዲያቆናቱን በተራ ዋርካው ሥር አስቀመጧቸው።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ቄስ አንተነህ ራሳቸው ናቸው፣ እጃቸው ላይ ያለው ቄጤማ ለአንድ ጭብጥ እንኳ አይበቃም። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ሁለተኛ አገዳ መዝዘው «ይኸ ለጋሽ ይሁኔ» አሉኝ፤ ማንም ምንም ሳይነግራቸው።

ጋሽ ይሁኔ ተቀምጠው ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ልጃቸው ነጭ አልብሳቸዋለች። አገዳውን ተቀበሉኝና እንደ ልማዳቸው ከሥሩ ጀመሩ፤ ሦስቱን ጠርዝ አንድ በአንድ ይዘው በዝግታ ወደ ላይ ሄዱ፣ ጫፉ ላይ ደረሱ፣ እንደገና ወደ ታች ወረዱ። እኔ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

«ከዋርካው ወዲያ ያለውስ?» አሉኝ።

ጠዋት ስመጣ እንደ ቆመ መሆኑን፣ ጎጆው ውስጥ ዕንቁላል መኖሩን ነገርኋቸው። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ፣ አሰርሁላቸው።